ሩጫው ካበቃ በኋላ ያለው ደቂቃ ስንት ያወጣል?

ሰው ከባድ ስፖርት ሠርቶ ሲያርፍ ልቡ እንዴትና በምን ያህል ጊዜ እንደሚረጋጋ እንለካለን የሚሉ ሰዓቶች፣ ቀለበቶችና አምባሮች ከስፖርት ዕቃ መደርደሪያ ወጥተው የትልልቅ ባለሀብቶች መነጋገሪያ ከሆኑ ቆይተዋል። መቀመጫውን በአሜሪካ ቦስተን ያደረገው ዉፕ የተባለው ኩባንያ በኦገስት 2021 የጃፓኑ ሶፍትባንክ ፈንድ ከመራቸው ባለሀብቶች 200 ሚሊዮን ዶላር ሲያሰባስብ፣ የኩባንያው ዋጋ 3.6 ቢሊዮን ዶላር ተብሎ ነበር። ከፊንላንድ የተነሣው የቀለበት አምራች ኦራ ደግሞ በኦክቶበር 2025 ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሰብሰቡንና ዋጋው 11 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መድረሱን አስታውቋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የእነዚህ ኩባንያዎች ዋና ሸቀጥ ፕላስቲኩ ወይም ብረቱ አይደለም። ዋናው ሸቀጥ ገዥው ጠዋት ሲነሣ በስልኩ ላይ የሚያየው ከ100 የተሰጠ አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ «ከትናንቱ ድካም አገግመሃል፣ ዛሬ መበርታት ትችላለህ» ማለት ነው። ዝቅ ካለ «ገና ነህ፣ ዕረፍ» ይላል። ለዚህ ምክር ደንበኛው በየወሩ ወይም በየዓመቱ ይከፍላል። ለመሆኑ ቁጥሩ ከምን የተሠራ ነው? ዕቃውን በውጭ ምንዛሪ የሚያስመጣው ነጋዴ፣ በእጁ አስሮት የሚያድረውም ገዥ ምን እንደገዙ ያውቁታል ወይ?

አማካይና መዋዠቅ

ብዙ ሰው ጤነኛ ልብ እንደ ግድግዳ ሰዓት እኩል እኩል የሚመታ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። አርፎ የተቀመጠ ጤነኛ ሰው ልቡ በደቂቃ 60 ጊዜ ቢመታ፣ በየሁለቱ ምቶች መካከል ያለው ጊዜ ሁልጊዜ አንድ ሰከንድ ሆኖ አይገኝም። አንዱ 1,000 ሚሊሰከንድ ሲሆን ቀጣዩ 1,040፣ ከዚያ 980፣ ቀጥሎ 1,030፣ ከዚያ 990 ሊሆን ይችላል። አየር ሲሳብ ምቱ ፈጠን፣ ሲወጣ ዘግየት ይላል። ይህ መለዋወጥ ነው በባለሙያዎቹ ዘንድ የልብ ምት ተለዋዋጭነት የሚባለው።

ለነጋዴ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። የአንድ ወር የቡና ዋጋ አማካይ ከሌላው ወር አማካይ ጋር እኩል ሆኖ፣ በአንደኛው ወር ዋጋው ረግቶ ሲከርም በሌላው ሲወጣና ሲወርድ ሊሰነብት ይችላል። አማካዩን ብቻ ያየ ሰው በሁለቱ ወሮች መካከል ልዩነት አያይም። የልብ ምት ቁጥርም አማካይ ነው፤ ተለዋዋጭነቱ ደግሞ መዋዠቁ ነው። ልዩነቱ፣ ነጋዴ መዋዠቅን ሲፈራ፣ ባረፈ ልብ ላይ ግን መዋዠቁ በአብዛኛው የደኅና ምልክት መሆኑ ነው።

ስሌቱም ቢሆን ከደላላ ማስታወሻ ደብተር አያልፍም። ከላይ የተጠቀሱትን አምስት ቁጥሮች ወስዶ ከእያንዳንዱ ላይ ፊተኛውን መቀነስ ነው፤ 40፣ የ60 ቅናሽ፣ 50፣ የ40 ቅናሽ ይገኛል፤ ማለትም ልዩነቶቹ 40፣ 60፣ 50 እና 40 ናቸው። እነዚህን በራሳቸው ሲያባዟቸው 1,600፣ 3,600፣ 2,500 እና 1,600 ይሆናሉ። ድምራቸው 9,300፣ ለአራት ሲካፈል 2,325፣ የዚህ ካሬ ሥር 48 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። አር.ኤም.ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚባለውና አብዛኞቹ የማገገሚያ መለኪያዎች መሠረት ያደረጉት ቁጥር ይኸው ነው። ቀሪው ሁሉ በላዩ ላይ የተደረበ ነው።

ይህ ትንሽ ቁጥር ለምን ተፈለገ? ልብ የራሱ ምት ማመንጫ አለው። ከነርቭ ሁሉ ተለይቶ ለብቻው ቢተው በደቂቃ ወደ 100 ጊዜ ገደማ ይመታ ነበር። ባረፈ ሰው ላይ 60 እና 70 የሚያደርገው ከአንጎል ግርጌ ወርዶ ልብን የሚቆጣጠረው ቫገስ የተባለው ነርቭ ነው። በመኪና ቋንቋ ቫገስ ፍሬኑ ነው፤ ሲምፓቴቲክ የሚባለው የነርቭ ክፍል ደግሞ ነዳጅ መስጫው። በ1921 ኦቶ ሎዊ የተባሉት ሳይንቲስት በእንቁራሪት ልብ ላይ ባደረጉት ሙከራ ቫገስ ልብን የሚያዘገየው ኬሚካል በማመንጨት መሆኑን አሳዩ፤ በ1936ም የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑበት። ፍሬኑ ፈጣን ነው፤ በአንድ ምት ውስጥ ይይዛል፣ በሌላው ይለቅቃል። ነዳጁ ግን ሰከንዶች ይፈጅበታል። ስለዚህ ከምት ወደ ምት የሚታየው ፈጣን ልዩነት በአመዛኙ የፍሬኑ ሥራ ነው። አር.ኤም.ኤስ.ኤስ.ዲ. ከፍ ያለ ሆኖ ሲገኝ ፍሬኑ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው።

ሐኪሞች ነገሩን ከስፖርቱ ዓለም ቀድመው ያውቁታል። በ1965 ሆንና ሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በማህፀን ያለ ጽንስ ሲጨነቅ የልቡ ምት ቁጥር ከመለወጡ በፊት በምቶቹ መካከል ያለው ልዩነት እንደሚለወጥ አስተዋሉ። በ1987 ደግሞ በድንገተኛ የልብ ሕመም ተመተው የተረፉ 808 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ወጣ። የሃያ አራት ሰዓት ልዩነታቸው ከ50 ሚሊሰከንድ በታች የነበረው ሕሙማን፣ ከ100 በላይ ከነበረው ጋር ሲነጻጸሩ የመሞት ዕድላቸው ከአምስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። በ1996 የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት አንድ ላይ ሆነው የአለካኩን ደንብ አወጡ። ዛሬ በገበያ ያሉት መሣሪያዎች የሚጠቀሙባቸው ስሞችና ስሌቶች በብዛት ከዚያ ሰነድ የተወረሱ ናቸው።

አንድ ሳንቲም የማያስወጣው ልኬት

ሰው ዳገት ሲሮጥ ወይም ክብደት ሲታገል ፍሬኑ ይለቀቃል፤ ነዳጁ ይረገጣል። ልብ በደቂቃ 170 እና 180 ሲመታ በምቶቹ መካከል ያለው ልዩነት ሊጠፋ ምንም አይቀረውም። በዚህ ሰዓት ልብ በእርግጥም እንደ ሰዓት ይመታል ማለት ይቻላል። ሯጩ ሲቆም ግን ሁለት ነገሮች በተለያየ ፍጥነት ይከናወናሉ። በመጀመሪያው ደቂቃ ቫገስ ተመልሶ ይይዛል፤ ምቱ በፍጥነት ይወርዳል። ቀጥሎ በደም ውስጥ የተሠራጨው አድሬናሊንና በጡንቻ የተጠራቀመው የድካም ዝቃጭ እስኪጸዳ ድረስ አወራረዱ ይዘገያል።

ይህ የመጀመሪያ ደቂቃ ነው ለመካከለኛ ዕድሜ ባለገንዘብ ከሁሉም በላይ ሊያሳስበው የሚገባው። በ1999 በአሜሪካ የክሊቭላንድ ክሊኒክ ሐኪሞች ያወጡት ጥናት ዕድሜያቸው በአማካይ 57 የነበረ 2,428 ሰዎችን ለስድስት ዓመታት ያህል ተከታትሏል። ተመርማሪዎቹ በመሮጫ ማሽን ላይ እስከ አቅማቸው ጫፍ ከደረሱ በኋላ፣ በዝግታ እየተራመዱ ሳለ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የልብ ምታቸው በስንት እንደወረደ ተመዘገበ። የወረደው በ12 ወይም ከዚያ ባነሰ የነበሩት ሰዎች፣ በክትትሉ ዘመን የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ አራት እጥፍ ሆነ። ዕድሜና ሌሎች ምክንያቶች ከሒሳቡ ከተቀነሱ በኋላም ሁለት እጥፉ አልጠፋም።

ቁጥሩን እንደ ደረቅ ቼክ መያዝ ግን አይገባም። 12 የተባለው እየተራመዱ ለቀዘቀዙ ነው። ከማሽኑ ወርደው ወዲያው ለሚጋደሙ ተመርማሪዎች በኋላ የወጣው መለያ 18 ነው፤ ተጋድሞ የሚያርፍ ሰው ልቡ ፈጥኖ ይወርዳልና። የደም ግፊት መድኃኒት ከሚወስዱት አንዳንዶቹም መድኃኒቱ ራሱ የልብ ምትን ስለሚጫን ቁጥራቸው በዚህ ሚዛን አይመዘንም። ይሁንና መለኪያው አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ከባዱ ሥራ እንደቆመ ሁለት ጣት በእጅ አንጓ ላይ አሳርፎ ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት፣ አንድ ደቂቃ ሲሞላ ደግሞ መድገም ነው። በደቂቃው ውስጥ ሊወርድ እንቢ ያለ ልብ ያለው ሰው የሚያስፈልገው አዲስ ሰዓት ሳይሆን ሐኪም ነው። በሃምሳ ዓመቱ ዘንድሮ ስፖርት እጀምራለሁ ብሎ በአንድ ቀን ወደ እንጦጦ ሽቅብ ለሚሮጥ ነጋዴ፣ ሐኪሙ ከሩጫው ቢቀድም ይሻላል።

ምቱ ወርዶ ካለቀ በኋላም ተለዋዋጭነቱ ወዲያው አይመለስም። በ2007 የታተመ የኖርዌይ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በደንብ የሠለጠኑ ሯጮች እያወሩ ሊሮጡት በሚችሉት ቀላል ፍጥነት አንድም ሁለትም ሰዓት ሮጠው፣ ልዩነቱ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ ይመለሳል። ከዚያ ፍጥነት ሲያልፉ ግን መመለሻው ወደ ግማሽ ሰዓት ይጠጋል። የሚገርመው ጊዜውን የሚወስነው የሩጫው ርዝመት ሳይሆን ብርታቱ መሆኑ ነው። በ2013 በርካታ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ ሥራ ደግሞ ሙሉውን ማገገሚያ በቀናት ያስቀምጠዋል። ከቀላል ልምምድ በኋላ እስከ 24 ሰዓት፣ ከመካከለኛው በኋላ ከ24 እስከ 48 ሰዓት፣ ከከባዱ በኋላ ቢያንስ 48 ሰዓት። የጠዋቱ ቁጥር ገበያ የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ትናንት ከባድ የሠራ ሰው ዛሬ ጠዋት ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ተመልሶ እንደሆነ ማየት ይቻላል የሚል ነው።

ሚዛኑ የተለያየ፣ ስሙ አንድ

መርካቶ ውስጥ ሁለት ነጋዴዎች በተለያየ ሚዛን አንድ ኩንታል ጤፍ ቢመዝኑና አንዱ 77፣ ሌላው 60 ቢያነብብ ጠብ ይነሣል። በልብ ምት ገበያ ግን ይህ የዘወትር ነገር ነው። ከላይ የተሰላውን 48 ሚሊሰከንድ እንውሰድ። አብዛኞቹ የስልክ ፕሮግራሞች ቁጥሩን በሎጋሪዝም ይቀይሩታል፤ 3.87 ይሆናል። አይትሊት የተባለው ፕሮግራም ይህን በ20 ሲያባዛው 77 ያሳያል። ኢሊት ኤች.አር.ቪ. የተባለው ደግሞ ለ6.5 አካፍሎ ወደ መቶ ሲያወጣው 60 ገደማ ይሆናል። ልቡ አንድ ነው፤ ጠዋቱም አንድ ነው። ስልክ ቀይሮ «ጤናዬ ወረደ» ብሎ የሚደነግጥ ሰው ቢኖር አያስደንቅም።

ልዩነቱ በስሌት ብቻ አያበቃም። የአፕል ሰዓት የሚመዘግበው ከአር.ኤም.ኤስ.ኤስ.ዲ. የተለየ ኤስ.ዲ.ኤን.ኤን. የሚባለውን ልኬት ነው። ኦራ ሌሊቱን ሙሉ ለክቶ አማካዩን ይሰጣል። ፖላር የሚወስደው ከእንቅልፍ መጀመሪያ ያሉትን አራት ሰዓታት ገደማ ነው። ጋርሚን የሌሊቱን ልኬት ሦስት ሳምንት ያህል ካጠራቀመ በኋላ ነው የባለቤቱን የተለመደ ደረጃ የሚያወጣው። ሁሉም የየራሱ ምክንያት አለው፤ ነገር ግን የጓደኛን ቁጥር ከራስ ቁጥር ጋር ማስተያየት ዋጋ የለውም። በዕድሜና በተፈጥሮ ብቻ እንኳ የአንዱ ሰው 25፣ የሌላው 90 ሆኖ ሁለቱም ጤነኛ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚነጻጸረው የገዛ ራስ ትናንት ነው፤ ያውም የአንድ ቀን ሳይሆን የሰባት ቀን አማካይ ቢሆን ይመረጣል።

የመሣሪያው ዓይነት ሌላው ጉዳይ ነው። በደረት ላይ የሚታሰረው ቀበቶ እንደ ሆስፒታሉ ኢ.ሲ.ጂ. የልብን ኤሌክትሪክ ይሰማል። ሰዓቱና ቀለበቱ ግን በቆዳ ላይ ብርሃን እያበሩ ደም በመጣና በሄደ ቁጥር የሚመለሰውን ብርሃን ይቆጥራሉ። ለተኛ ሰው ይህ በቂ ነው። ለሚሮጥ፣ ወይም ገና ሩጫ አቁሞ እያለከለከ ላለ ሰው ግን እጅ በተወዛወዘ ቁጥር ሒሳቡ ይበላሻል። ጥፋቱ ምን ያህል እንደሆነ በቀላሉ ማስላት ይቻላል። ከላይ ከተጠቀሱት ምቶች መሣሪያው አንዷን ሳያይ ቢያልፍ፣ 1,040 እና 980 ተደምረው 2,020 ሆነው ይመዘገባሉ። 48 የነበረው ውጤት ወደ 821 ይዘላል። አንድ ምት ጠፍታ ውጤቱን 17 እጥፍ አደረገችው ማለት ነው። ጥሩ መሣሪያ እንዲህ ያለውን ስሕተት ለይቶ ያወጣል፤ መናኛው ያልፈዋል። ለገዥው ግን ሁለቱም ያማረ ሥዕል ነው የሚያሳዩት።

ብርሃን በጠቆረ ቆዳ ላይ አይሠራም የሚለው ወሬ በአገራችን ገዥ ዘንድ ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም። የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 የተለያየ የቆዳ ቀለም ባላቸው 53 ሰዎች ላይ ባደረጉት ፍተሻ፣ በልብ ምት አቆጣጠር ረገድ በቀለም ምክንያት የመጣ ጉልህ ልዩነት አላገኙም። ያገኙት፣ ሰውየው ሲንቀሳቀስ ስሕተቱ ካረፈበት ጊዜ በአማካይ 30 በመቶ መጨመሩንና በመሣሪያ ዓይነት መካከል ልዩነት መኖሩን ነው። ስለዚህ አስመጪው የሚጠይቀው ጥያቄ ስለ ቆዳ ሳይሆን ስለ ዕቃው ቢሆን ይሻላል።

ከፍታም ይቆጠራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ ዱባይ ባሕር ዳር ናት። ዕቃ ሊያመጣ በየወሩ የሚመላለስ ነጋዴ፣ በተለይ ቆላ ሰንብቶ ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ቁጥር ዝቅ ቢልበት ምክንያቱ ስፖርቱ ላይሆን ይችላል፤ አየሩ ሳስቷል። ማታ የተጠጣ አልኮል ቁጥሩን በግልጽ ይጥለዋል። ጫትም የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርግ ነው። ትኩሳት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የባንክ ብድር ጭንቀት፣ ሁሉም በአንድ በር ይገባሉ። መለኪያው ፍሬኑ መላላቱን ይናገራል እንጂ ማን እንዳላላው አይናገርም።

ያገገመው ምኑ ነው?

በማስታወቂያዎቹ ላይ «ማገገም» የሚለው ቃል ያለ ልክ ተለጥጧል። ተለዋዋጭነቱ ወደ ቦታው ተመለሰ ማለት የልብ ፍሬን ወደ ቦታው ተመለሰ ማለት ነው። ጡንቻው ተጠግኗል፣ በጡንቻና በጉበት የተከማቸው የኃይል ስንቅ ተሞልቷል፣ ጅማቱ ዕረፍት አግኝቷል ማለት አይደለም። እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው ሰዓት አላቸው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የቀዝቃዛ ውኃ ነገር ነው። ከልምምድ በኋላ በቀዝቃዛ ውኃ መነከር ቫገስን ፈጥኖ ይመልሳል፤ ቁጥሩም ይነሣል። ይህን ተመርኩዞ የበረዶ ገንዳ የሚሸጠው ብዙ ነው። በ2015 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ግን ለ12 ሳምንታት ክብደት ካነሡ ሰዎች መካከል ከየልምምዱ በኋላ ቀዝቃዛ ውኃ የገቡት፣ በቀላል እንቅስቃሴ ካሳለፉት ይልቅ ያገኙት የጡንቻና የጉልበት ዕድገት ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ሰዓቱ «አገገምህ» ሲል ጡንቻው ትርፉን እያጣ ነበር ማለት ነው።

ከፍ ያለ ቁጥር ሁልጊዜ መልካም ዜና አለመሆኑም ታውቋል። በ2013 ሆን ተብሎ ከአቅም በላይ እንዲለማመዱ በተደረጉ የትሪያትሎን ስፖርተኞች ላይ፣ ከመጠን በላይ የደከሙት ተለዋዋጭነታቸው ወርዶ ሳይሆን ጨምሮ ተገኝቷል። ጉልበታቸው ወርዶ ፍሬናቸው ጠብቆ ነበር። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ፕሮግራም እነዚህን ሰዎች «ብርቱ» ብሎ ወደ ልምምድ ይልካቸው ነበር።

ታዲያ ነገሩ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። በ2007 በፊንላንድ ኦሉ ከተማ በ26 ወንዶች ላይ ለአራት ሳምንታት በተደረገ ሙከራ፣ አንደኛው ቡድን አስቀድሞ በተጻፈለት ፕሮግራም ሲሮጥ ሌላው የጠዋቱን ልኬት እያየ ከባዱንና ቀላሉን ቀን መረጠ። በልኬት የተመራው ቡድን የአየር አጠቃቀም አቅሙ በግልጽ ሲሻሻል፣ የሌላው መሻሻል እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የወጡ ጥናቶች ሲደማመሩ ጥቅሙ አነስተኛ ሆኖ ነው የሚታየው። አነስተኛ ጥቅም ደግሞ ጥቅም ነው፤ ለእሱ የሚከፈለው ዋጋም በዚያው ልክ ሲሆን።

የኦሉ ተራ

መርካቶ ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እንዳለው ሁሉ፣ የዚህ ንግድ ተራ በሰሜን ፊንላንድ ኦሉ አካባቢ ነው ማለት ይቻላል። የኦሉ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ሴፖ ሳይናያካንጋስ በ1977 በአጎራባችዋ ኬምፔለ ፖላር ኤሌክትሮን መሠረቱ። ኩባንያው በ1982 ያለ ሽቦ የሚሠራ፣ በሰው አካል ላይ የሚታሰር የመጀመሪያውን የልብ ምት መለኪያ ለገበያ አቀረበ። ኦራም በ2013 የተቋቋመው በዚያችው ኦሉ ነው። የአሜሪካው ጋርሚን የስሌት ቀመሮቹን ይገዛበት የነበረውን ፈርስትቢት አናሊቲክስ የተባለ ሌላ የፊንላንድ ኩባንያ በ2020 ጠቅልሎ ገዝቶታል። ጉግልም ፊትቢትን ለመግዛት በ2019 በ2.1 ቢሊዮን ዶላር ተስማምቶ በጃንዋሪ 2021 ግዢውን ፈጽሟል።

የገቢው ምንጭ ሲታይ ግን ነገሩ ከዕቃ ንግድ እየራቀ ነው። ዉፕ በ2018 መሣሪያውን መሸጥ ትቶ ወደ አባልነት ክፍያ ዞረ። በሜይ 2025 አዲሱን ምርት ሲያወጣ የአንድ ዓመት ክፍያውን እንደ ደረጃው 199፣ 239 እና 359 ዶላር አድርጎ ነው። ኦራ ከ2021 ጀምሮ ከቀለበቱ ዋጋ ሌላ በወር 5.99 ዶላር መጠየቅ ጀምሯል። ለአምራቹ ይህ ግሩም ንግድ ነው፤ አንዴ የሸጠው ዕቃ በየወሩ ይወልድለታል። ለአዲስ አበባው አስመጪና ቸርቻሪ ግን የሚተርፈው በዕቃው ላይ ያለው ልዩነት ብቻ ነው። ወርሃዊው ገንዘብ በእሱ እጅ አያልፍም፤ ደንበኛው የውጭ አገር ክፍያ መፈጸም አቅቶት አገልግሎቱ ሲቋረጥ ግን ስሞታው የሚመጣው ወደ ሱቁ ነው። ብር በጁላይ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ በዶላር የተጻፈ የዓመት ግዴታ ለገዥው ምን እንደሚሆን ለገበያ ሰው መንገር አያሻም።

አደጋው በደንበኛ በኩል ብቻ አይደለም። ጆውቦን የተባለው የአምባር አምራች በ2014 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያወጣል ተብሎ ነበር፤ በ2017 ሒሳቡ ተዘግቶ ፈረሰ። አምባሩ የሚሠራው በኩባንያው ፕሮግራም ነበርና ገዥዎቹ ባዶ ላስቲክ ታቀፉ። በጁላይ 2025 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለዉፕ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ። ኩባንያው የደም ግፊት ግምት የሚሰጥ አገልግሎት ያለ ፈቃድ አቅርቧል የሚል ነበር። ኩባንያው አገልግሎቱ ለአጠቃላይ ደኅንነት እንጂ ለምርመራ አይደለም ብሎ ተከራክሯል። በ«ደኅንነት» እና በ«ሕክምና» መካከል ያለው መስመር ቀጭን ነው፤ አንድ ፊደል ማስታወቂያ ላይ የጨመረ ቸርቻሪ ሳያውቀው ሊሻገረው ይችላል።

ገበያው ውስጥ እግሩን ማስገባት የሚፈልግ ነጋዴ ከአምራቹ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ብዙ አይደሉም። መሣሪያው የምቶቹን ጊዜ በሚሊሰከንድ አውጥቶ ለባለቤቱ ይሰጣል ወይስ ከ100 የተሰጠ የተቀመመ ነጥብ ብቻ ነው የሚያሳየው? ወርሃዊ ክፍያ ቢቋረጥ ምን ይቀራል? ካልተሳካ ልኬት ላይ «አልቻልኩም» ይላል ወይስ አንድ ቁጥር ፈጥሮ ይሰጣል? «ልብ ይለካል» እየተባለ በርካሽ ከሚቀርቡት ስም የለሽ ቀለበቶች ለአንዱ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ማቅረብ በቂ ነው።

ከሁሉም ያረጀው ዕቃ፣ የደረት ቀበቶው፣ በእነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ ያልፋል። ለቅንጦት የሚሆን መልክ የለውም፤ ከመታሰሩ በፊት በውኃ ወይም በምራቅ ይረጥባል፤ ተኝተው አያድሩበትም። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ ለጥቂት ደቂቃ፣ ከሩጫ በኋላም ለመጀመሪያው ደቂቃ ይበቃል። ከታወቁት አንዱ ዋጋው በአሜሪካ 100 ዶላር ገደማ ሲሆን ወርሃዊ ክፍያ የለበትም፤ መረጃውንም ብዙ የስልክ ፕሮግራሞች በነጻ ያነቡታል። የቀለበቱ ባትሪ ውስጡ የታሸገ ስለሆነ ሲደክም ቀለበቱ አብሮ ይጣላል። የዚህኛው ቀበቶ ባትሪ ሲ.አር. 2025 የሚባለው ክብ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ ሲያልቅ ተከፍቶ በሌላ ይለወጣል።